የምክር ቤት ባለሙያ የማን ሰው ነው?

ማክሰኞ ጠዋት ነው እንበል። አንዲት ሕግ አርቃቂ ቢሮዋ ተቀምጣ ስልኳ ይጮሃል። የደወሉት የአንደኛው ፓርቲ የምክር ቤት አባል ናቸው። የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ረቂቅ ሕግ እንድትጽፍላቸው ይፈልጋሉ። «እስከ ዓርብ ማንም እንዳይሰማ» ይሏታል። እሺ ትላለች።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሯ ይንኳኳል። የገቡት የተቃራኒው ፓርቲ አባል ናቸው። ወንበር ስበው ይቀመጡና «እነዚያ ስለ ኪራይ አንድ ነገር እያዘጋጁ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው እንዴ?» ይሏታል።

ምን ትበል? «የለም» ካለች ዋሸች። «አዎ» ካለች የሰው ምስጢር አወጣች። ፈገግ ብላ ዝም ካለችም ፈገግታዋ ራሱ መልስ ነው። ሥራዋን የምታውቅ ባለሙያ እንዲህ ትላለች፦ «ሌላ አባል ስላዘዙት ሥራ፣ ኖረም አልኖረም፣ አልናገርም። እርስዎ የሚያዙኝንም ለማንም አልናገርም።»

እዚህ ላይ ትልቁ ነገር «ኖረም አልኖረም» የሚለው ነው። ምንም ምስጢር በሌለበት ቀን «ኧረ ምንም የለም» የምትል ከሆነ፣ ምስጢር ባለበት ቀን «መናገር አልችልም» ስትል ሰውየው ወዲያው ይነቃሉ። ስለዚህ መልሷ በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ደረቅ ይመስላል። የሚቀየማትም ይኖራል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እንዳያመልጥ ደግሞ ባዶውን ቀንም እንደ ሙሉው ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል።

እነማን ናቸው?

በብዙ ምክር ቤቶች ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለ። አንደኛው የአባሉ ወይም የፓርቲው ሰው ነው። ንግግር ይጽፋል፣ ስልት ይነድፋል፣ አለቃው እንዲያሸንፍ ይሠራል። ይህ ነውር የለውም፤ የተቀጠረበት ሥራ ነው። ሁለተኛው የምክር ቤቱ ሰው ነው። ረቂቅ ሕግ ይጽፋል፣ ጥናት ያዘጋጃል፣ ወጪ ያሰላል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ስለ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት ያማክራል። አብላጫው ወንበር ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ሲዞር ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ይወጣሉ። ሁለተኛው በማግስቱም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይገኛል። የማወራችሁ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

ሥራው አዲስ አይደለም። የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት የተቋቋመው በ1818 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ለሁሉም ፓርቲ አባላት እኩል ጥናት ያዘጋጃል። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት በ1901 ለሕግ አውጪዎቿ የሚያገለግል ቤተ መጻሕፍት ከፈተች። የአገሪቱ ኮንግረስም በ1914 ተመሳሳይ ክፍል አቋቋመ፤ ዛሬ የኮንግረስ የምርምር አገልግሎት የሚባለው ያ ነው።

በ1974 ደግሞ የኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት ተጨመረ። ታሪኩ የሚያስተምር ነው። በዚያ ዘመን ኮንግረሱና ፕሬዚዳንት ኒክሰን በበጀት ክፉኛ ተጣልተው ነበር። ኮንግረሱ የፈቀደውን ገንዘብ ፕሬዚዳንቱ አላወጣም ይሉ ነበር። ኮንግረሱ እንዳይሞግታቸው ደግሞ ቁጥር የሚያሰላለት የራሱ መሥሪያ ቤት አልነበረውም። የሚጠቀመው በአብዛኛው የፕሬዚዳንቱ መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን ስሌት ነበር። ከተከራካሪህ ቁጥር ተበድረህ እንዴት ትከራከራለህ?

የራሱ ባለሙያ የሌለው ምክር ቤት መጨረሻው ይኸው ነው። ወይ መንግሥት የሰጠውን ይዞ እጁን ያወጣል፣ ወይ ሎቢስት (ለአንድ ድርጅት ወይም ቡድን ጥቅም ሕግ አውጪዎችን የሚያግባባ ሰው) ጽፎ ያመጣለትን። ለዚህ ነው የእነዚህ ሰዎች ሥነ ምግባር የቢሮ ውስጥ ወግ ብቻ የማይሆነው። ሕዝብ የመረጠው ሰው የሚያነበው ወረቀት እውነተኛ መሆን አለመሆኑ በእነሱ እጅ ነው።

መሀል መቆም አይደለም

ብዙ ሰው «ገለልተኛ» ሲባል መሀል ላይ የቆመ ሰው ይታየዋል። እኔ ይህን ትልቅ ስህተት ነው የምለው። አንዱ ፓርቲ «ድልድዩ 10 ሚሊዮን ይፈጃል» አለ፤ ሌላው «100 ሚሊዮን» አለ እንበል። ባለሙያው ሲያሰላው 90 ሚሊዮን መጣ። ሁለቱንም ላለማስቀየም «55» ቢል ገለልተኛ ሆነ ማለት ነው? አልሆነም፤ ዋሸ። ገለልተኛው መልስ 90 ነው፣ ማንም ይጠይቅ ማን።

እንግዲህ መለኪያው እዚህ ላይ ነው። የጠየቀው ሰው ቢቀየር መልሱ ይቀየራል ወይ? በቃ፣ ይህን አንድ ጥያቄ ራሱን እየጠየቀ የሚሠራ ባለሙያ ከብዙ ጥፋት ይድናል። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ የሚጀምረው በትልቅ ውሸት አይደለም። ለአንዱ «ይህ ሐሳብ ያስቸግራል» ብሎ፣ ለሌላው ያንኑ ሐሳብ «አስደሳች ነው» በማለት ነው።

ወገንተኝነት ከቁጥር ይልቅ በቃል ምርጫ ሾልኮ ይገባል። በአሜሪካ ሰው ሲሞት በሚያወርሰው ትልቅ ሀብት ላይ የሚጣል ግብር አለ። በሕግ የሚታወቀው የውርስ ግብር ተብሎ ነው። ግብሩን የሚቃወሙ ግን «የሞት ግብር» ይሉታል። ለፖለቲከኛ ይህ መብቱ ነው። ገለልተኛ ባለሙያ በማብራሪያ ጽሑፉ ላይ «የሞት ግብር» ብሎ ከጻፈ ግን ገና ርዕሱን ሲያነቡት ወግኗል። በሌላ በኩል «ለሀብታሞች የተሰጠ ስጦታ» ብሎ የግብር ቅነሳን ቢጠራም ያው ነው።

የዚህን ክብደት የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በ2012 የኮንግረስ የምርምር አገልግሎት አንድ ጥናት አወጣ። ጥናቱ ከ1945 ወዲህ በከፍተኛ ገቢ ላይ የሚጣለው ግብር ሲወርድ ኢኮኖሚው አብሮ አድጓል ወይ ብሎ ይመረምራል። ግንኙነት አላገኘሁም አለ። የምርጫ ዓመት ነበር። የሪፐብሊካን ሴናተሮች በዘዴውም በአንዳንድ አገላለጾቹም ላይ ተቃውሞ አነሱ። መሥሪያ ቤቱ ጥናቱን ከስርጭት አወጣው። ወሬው በጋዜጣ ወጥቶ ብዙ አነጋገረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ጥናቱ እንደገና ወጣ።

እኔ ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ ሰው ስለተቆጣ ብቻ ጥናት ማንሳት አይገባም። ስህተት ካለ ስህተቱ በግልጽ ይታረማል፤ ከሌለ ወረቀቱ ባለበት ይቆያል። አንዴ በጩኸት ከተነሳ የሚቀጥለው ጥናት ገና ሳይጻፍ መፍራት ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ባለሙያው ቃሉን አጥብቆ ካልመረጠ ግኝቱን ራሱ ለጥቃት ያጋልጠዋል። በአንድ ቅጽል ላይ ሰዓት ሙሉ መጨቃጨቅ ጊዜ ማባከን ይመስላል። ግን ያ ቅጽል ነው በኋላ መከራከሪያ የሚሆነው።

ሌላም አለ፤ የተተወው ነገር። ድጋፉን በአራት አንቀጽ፣ ተቃውሞውን በአንድ መስመር የጻፈ ባለሙያ አንድም ሐሰት ሳይናገር ወግኗል። ከባልደረቦቹ መካከል አመለካከቱ የተለየውን ሰው «አንብብልኝ» ማለት ለዚህ ፍቱን ነው። በራስህ ዓይን የማይታይ ዘንበል ማለት ለሌላው ፊት ለፊት ይታየዋል።

የማይታይ ደባ

አሁን ወደ አርቃቂዋ እንመለስ። የመጀመሪያው አባል ያዘዙትን ረቂቅ እየጻፈች ነው። እንደ ዜጋ ሐሳቡን አትወደውም እንበል። ኪራይ መገደብ ቤት ያስወድዳል ብላ የምታምን ሰው ናት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ከፊቷ አለ።

«አከራዩ ኪራይ ከመጨመሩ ከ90 ቀን በፊት ለተከራዩ ማስታወቂያ መስጠት አለበት።»

«አከራዩ ኪራይ ከመጨመሩ ከ90 ቀን በፊት ለተከራዩ ማስታወቂያ ሊሰጥ ይችላል።»

ልዩነቱ አንዲት ግስ ናት። በመጀመሪያው ተከራዩ መብት አለው። በሁለተኛው ምንም የለውም፤ አከራዩ ቢፈልግ ይነግረዋል፣ ባይፈልግ ይተወዋል። የሥራ ብዛት ያደከማቸው አባል 40 ገጽ ውስጥ ይህን ላያዩት ይችላሉ። ሕጉ ይፀድቅና ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ይፈርሳል። ማን እንዳደረገውም ማንም አያውቅም።

በእኔ እምነት የዚህ ሙያ ከባዱ ኃጢአት ይህ ነው። ጉቦ ይያዛል፣ ምስጢር ማውጣት ይሰማል። ይህኛውን ግን የምታውቀው አርቃቂዋ ብቻ ናት። የማትስማማበትን ሕግ አሳምሮ መጻፍ የሙያው ዋና ፈተና ነው፤ በጣም የሚከበሩት አርቃቂዎችም ጽሑፋቸውን አይተህ ምን እንደሚያስቡ መገመት የማትችላቸው ናቸው።

ይህ ማለት ግን አፏን ዘግታ የታዘዘችውን ትገልብጥ ማለት አይደለም። ረቂቁ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ መስሎ ከታያት የመናገር ግዴታ አለባት። «ይህ አንቀጽ ፍርድ ቤት ይጥለዋል ብዬ እሰጋለሁ፤ ምክንያቴ ይህ ነው፤ በዚህ መልክ ቢጻፍ ይሻላል» ብላ በጽሑፍ ታስረዳለች። አባሉ ሰምተው «ግድ የለም፣ እንዲሁ ጻፊልኝ» ካሉ ትጽፋለች። ምክንያቱም የተመረጡት እሳቸው ናቸው። ስህተት የመሥራትም መብት የተመራጩ ነው። ሕዝብ በምርጫ ሊቀጣቸው ይችላል፤ እሷን ግን ማንም አልመረጣትም።

የበጀት ጽሕፈት ቤቱ ከመጀመሪያው ዳይሬክተሩ ከአሊስ ሪቭሊን ጊዜ ጀምሮ «ይህን ሕግ አጽድቁ፣ ያንን ጣሉ» የማይለውም ለዚሁ ነው። ወጪውን ይናገራል፣ መዘዙን ይናገራል፣ ከዚያ ይቆማል።

ስሌቱን ቀይር የሚል ጫና ሲመጣስ? ይመጣል። «ይህ ቁጥር ትንሽ ዝቅ ቢል» የሚል ስልክ ማታ ማታ ይደወላል። ጥሩ ባለሙያ ጠብ አይፈጥርም። «የትኛው ግምት ነው ያልተስማማዎት?» ብሎ ይጠይቃል። አባሉ አዲስ መረጃ ካላቸው ይቀበላል፤ ስሌቱንም ለሁሉም ያርማል። መረጃ ሳይሆን ምኞት ብቻ ከሆነ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። ቢፈልጉ በእሳቸው ግምት የተሠራ ሌላ ስሌት ይሰጣቸዋል፤ ግን ወረቀቱ ላይ «በጠያቂው ግምት መሠረት» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ አልፎ «ግምቱ የእኔ መሆኑ አይጻፍ» የሚባል ከሆነ ነገሩ ወደ ኃላፊው መሄድ አለበት፣ በጽሑፍ። ብቻውን የሚጋፈጥ ሠራተኛ ቶሎ ይሰበራል።

አለማወቅን የመረጡት

ሥነ ምግባር ሁልጊዜ የሰው ልብ ጥንካሬ ላይ ብቻ መጣል የለበትም። አሠራሩ ራሱ ሊያግዝ ይችላል። ለዚህ ከአዮዋ ግዛት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በአሜሪካ በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ከተቆጠረ በኋላ የምርጫ ወረዳዎች ካርታ እንደገና ይሳላል። በብዙ ግዛት የሚስሉት ፖለቲከኞቹ ራሳቸው ስለሆኑ ወንበር የያዘው ፓርቲ ለራሱ አመቻችቶ ይቆርጠዋል። አዮዋ በ1980 ባወጣችው ሕግ ካርታውን የማዘጋጀት ሥራ ለምክር ቤቱ ገለልተኛ ባለሙያዎች ሰጠች። ሕጉ ከዚህም አልፎ ባለሙያዎቹ የማይጠቀሙበትን ይዘረዝራል። መራጩ በየትኛው ፓርቲ እንደተመዘገበ አያዩም። ያለፈ ምርጫ ውጤት አያዩም። አሁን ወንበር ላይ ያሉት አባላት ቤታቸው የት እንደሆነ አያዩም።

የመጨረሻው በተለይ ይገርመኛል። ባለሙያው መስመሩን ሲያሰምር የአለቃው ቤት በየትኛው በኩል እንደቀረ አያውቅም። ሁለት የቆዩ አባላት አንድ ወረዳ ውስጥ ሊገጥሙ ይችላሉ። ሊያስደስት ወይም ሊበቀል የሚፈልግ ሰው እንኳ መሣሪያው እጁ ላይ የለም።

በ2021 የግዛቷ ሴኔት የመጀመሪያውን ካርታ አልቀበልም አለ። ባለሙያዎቹ «ለምን?» ብለው ሰልፍ አልወጡም። ሕጉ በሚያዘው መሠረት ሁለተኛ ካርታ ሠሩ፤ ያም ፀደቀ። ውሳኔው የተመራጮቹ፣ መስመሩ የባለሙያዎቹ ሆኖ ቀጠለ።

አሠራሩ በማይከላከልበት ቦታ ደግሞ ዋጋው ከባድ ነው። የአሜሪካ ሴኔት የሥነ ሥርዓት አማካሪ አለው። የትኛው ሐሳብ በየትኛው ደንብ ሊቀርብ እንደሚችል ለመድረክ መሪው ይነግራል። ሥልጣን የለውም፤ ምክር ብቻ ነው። በ2001 የአብላጫው ፓርቲ መሪዎች ያልወደዷቸውን አስተያየቶች የሰጡት አማካሪ ሮበርት ዳቭ ከሥራ ተነሱ። ከእሳቸው በኋላ ቦታውን ከያዙት አንዷ ኤልዛቤት ማክዶኖው በ2017 የሪፐብሊካኖቹ የጤና ሕግ አንዳንድ ክፍሎች በአጭሩ መንገድ፣ ማለትም በቀላል አብላጫ ድምፅ በሚያስኬደው ልዩ የበጀት ሥነ ሥርዓት፣ ማለፍ አይችሉም አሉ። በ2021 ደግሞ ዲሞክራቶቹ ዝቅተኛውን ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ለማድረግ ያቀረቡት በዚያው መንገድ ማለፍ አይችልም አሉ። ያን ጊዜ ደግሞ ከዲሞክራቶቹ ወገን «ትባረር» የሚል ድምፅ ተሰማ። እኔ የማየው ግን አንድ ደንብ ለሁለቱም ወገን ሳይለወጥ መነበቡን ነው።

ከቢሮ ውጪ

ጥያቄው እዚህ ላይ ይወሳሰባል። ባለሙያዋ እኮ ዜጋ ናት። ትመርጣለች፣ ጋዜጣ ታነባለች፣ ከዘመድ ጋር ትከራከራለች። ታዲያ ለዕጩ ገንዘብ ማዋጣት ትችላለች? መኪናዋ ላይ ተለጣፊ? ፌስቡክ ላይ «ላይክ»? ብዙ መሥሪያ ቤቶች የምርጫ ቅስቀሳን ጨርሶ ይከለክላሉ። ስለ ሌላው ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

የሞሪስ ዴቪስን ጉዳይ እዩ። ቀድሞ አሜሪካ በሽብር የጠረጠረቻቸውን ባሰረችበት በጓንታናሞ የጦር ፍርድ ዋና ዓቃቤ ሕግ ነበሩ። ኋላ የኮንግረስ የምርምር አገልግሎት ውስጥ ኃላፊ ሆኑ። በ2009 እስረኞቹ ስለሚዳኙበት መንገድ መንግሥትን የሚተች ጽሑፍ በግላቸው ጋዜጣ ላይ አወጡ። ተባረሩ። የመናገር መብቴ ተነካ ብለው ከሰሱ፤ ነገሩ ዓመታት ፈጀ። አሠሪያቸው ፍርሃቱ ነበረው፦ ነገ ስለዚሁ ጉዳይ ከመሥሪያ ቤቱ ጥናት ሲመጣ አባላቱ አምነው ያነቡታል ወይ? ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ግን ሰው ላይ የሚወድቅ ቅጣት ከመምጣቱ በፊት ደንቡ ጥርት ብሎ መጻፍ አለበት፤ የትኛው ርዕስ፣ በየትኛው ስም፣ ማንን አስፈቅዶ። «ማስተዋል ተጠቀም» ብሎ ትቶ ኋላ ማባረር ፍትሕ አይመስለኝም።

ስጦታና ግብዣ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሎቢስት የከፈለው ራት ቢቀር ማንም አይራብም። ከዚያ የሚከብደው የሥራ ጥያቄ ነው። ረቂቁን እየጻፍክለት ያለኸው ጉዳይ የሚመለከተው ድርጅት «ሥራህን ስትጨርስ እኛ ጋ ና» ካለህ በዚያው ቀን ለኃላፊህ ነግረህ ከጉዳዩ መውጣት ነው።

ዓርብ ደረሰ። የመጀመሪያው አባል ረቂቃቸው ቀርቦ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው አባል እዚያው በር ላይ ብቅ አሉ። ረቂቁን በእጃቸው ይዘዋል።

«ማክሰኞ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር አይደል?»

«ያን ቀን እንዳልኩዎት ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ተቀመጡና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «እሺ። ይህን የሚቃወም ማሻሻያ እፈልጋለሁ። የት ጋ ነው የሚላላው?»

የሚላላው የት ጋ እንደሆነ ታውቃለች። ስለ አንቀጽ 12 የመጀመሪያውን አባል በጽሑፍ ያስጠነቀቀችው እሷ ራሷ ናት፤ ያ ማስጠንቀቂያ ደግሞ የእሳቸው አይደለም። ይፋ የሆነውን ጽሑፍ ማንም ሕግ አዋቂ አንብቦ የሚያየውን ለማየት መብት አላቸው፤ እሷ ግን አሁን ያንን ጽሑፍ እንደ ማንም ሆና ልታነበው አትችልም።

«ማሻሻያዎን ቶሎ እናደርስልዎታለን» አለቻቸው። «የሚጽፍልዎት ግን ባልደረባዬ ነው፤ ይህን ረቂቅ ዛሬ ነው የሚያየው።» ተነስታ የጎረቤቱን ቢሮ በር አንኳኳች። ለባልደረባዋ የሰጠችው የሰውየውን ስምና ይፋ የሆነውን ረቂቅ ብቻ ነው።